እያስፈቀድኩ የኖርኩባቸው ወራት

የተፈታሁ ቀን ዋጃ ገባሁ። ቤቴ ያለው ቆቦ ነው። ዋጃ ዘመድ የለኝ፣ ጉዳይ የለኝ፤ ዋጃ የገባሁት «ውረድ» የሚለኝ ሰው አጥቼ ነው።

ሳቁ ግዴለም፣ እኔም እስቅበታለሁ። ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ከማረሚያ ቤቱ በር የወጣሁት በመጋቢት፣ አንድ ጠዋት ነው። ዓመት ከስምንት ወር ታስሬ! ፖሊስ ጣቢያ እንኳ ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ ለምስክርነት ተጠርቶ የማያውቅ ሰው! ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጥኩና ዓይኔን አፍጥጬ መንገዱን ማየት ጀመርኩ። ወላሂ፣ እንደዚያን ቀን ያለ ደስታ አላውቅም፤ የሰርጌ ቀን እንኳ እንዲያ አልሆንኩም። ጎብዬ ስንደርስ ገበያ ነበር። ሴቶቹ የቲማቲም ሳጥን ይቀባበላሉ፣ አንዱ ፍየል አንገቱ ላይ ተሸክሞ ሰው መሀል ይጋፋል፣ ሌላው እሱንም ፍየሏንም ይሳደባል። «እየው! እየው!» እያልኩ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ በክርኔ እጎስመዋለሁ። «ምኑን?» ይለኛል። «ፍየሏን!» ሰውዬው ቦታ ቀየረ። አልፈርድበትም። ሮቢት ላይ ደግሞ ግመሎች አስፋልቱን ዘግተው ሾፌሩ ጡሩምባውን ሲያንባርቅ እኔ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ቆቦ መናኸሪያ ሚስቴ፣ እናቴና ሁለት አክስቶቼ ቆመው ይጠብቁኛል። በመስኮት አየኋቸው። ረዳቱ፣ ጺሙ የሸበተ ጎልማሳ፣ «ቆቦ! ቆቦ የሚወርድ!» አለ። ሰው ወረደ። እኔ አልወረድኩም። እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? እስር ቤት ሲፈልጉህ በስምህ ይጠሩሃል፣ «አቤት» ትላለህ፣ ከዚያ ትነሳለህ። «የሚወርድ» ማለት እኔም ማለት መሆኑን ጭንቅላቴ ያውቀዋል፤ እግሬ ግን እስክጠራ ይጠብቃል። ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። ሚስቴ በመስኮቱ አይታኝ እየጮኸች ስትሮጥ አየኋት። እኔም፣ ይኼን ማውራት እንኳ ያሳፍራል፣ እጄን አውለበለብኩላት። አዎ፣ እንደ መንገደኛ ደህና ሁኚ አልኳት!

ባጃጅ ይዛ ዋጃ ድረስ ተከተለችኝ። አስፋልት ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አገኘችኝ። አቅፋኝ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጠብቄህ ጥለኸኝ ታልፋለህ?» ብላ በሻርፗ ጫፍ ትከሻዬን ገረፈችኝ። ከዚያ ነው አቅፋኝ ያለቀሰችው። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር አብሮን አነባ።

ለምን እንደታሰርኩ ደግሞ ልናገር፤ እሱን ሳትሰሙ ሌላው አይገባችሁም። እኛ የራያ ቆላ ሰዎች ማሽላ የምንዘራው በሰው አገር ዝናብ ነው። ዝናቡ ደጋው ላይ ይዘንባል፣ ጎርፉ እኛ ጋ ይወርዳል። እዚህ ጠብታ ሳይጥል፣ ፀሐዩ አናታችንን እየጠበሰ፣ ድንገት ደረቁን ወንዝ ሞልቶ እየተንደረደረ ይመጣል። ያንን ጎርፍ ጠልፈን በቦይ ወደ ማሳችን እናስገባዋለን። ጎርፍ ግን ቀጠሮ የለውም፤ ይመጣል፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሥርዓት ያበጀንለት። በየሰው ማሳ ፊት ቦዩ ላይ የአፈር ክትር አለ። ክትሩ ውሃውን ያቆመዋል፣ ባለማሳው የማሳውን አፍ በአካፋ ከፍቶ ያስገባዋል። ማሳው ሲጠግብ አፉን ደፍኖ፣ ክትሩን ንዶ፣ «ጠጥቻለሁ!» ብሎ ወደ ታች ይጮሃል። ያን ድምፅ ሳይሰማ ከታች ያለው አይከፍትም። የሰው አፍና የሰው ክትር ደግሞ አይነካም። በተራው ላይ የሚቆመው ባለማሳው ራሱ፣ የደረሰ ወንድ ልጁ ወይም ወንድሙ ነው፤ ሁለት ክረምት በተከታታይ ያልቆመ ሰው ተራው ወደ ቦዩ ጅራት ይወርዳል። ጅራት ላይ የሚደርሰው ውሃው ሳይሆን የውሃው ወሬ ነው።

ከእኔ በላይ ያለው ማሳ የጎረቤቴ ነው። አብረን ቁርአን የቀራን፣ እሱ ሲያገባ እኔ ሚዜ የሆንኩለት ሰው። ያን ዓመት ሐምሌ ላይ ጎርፍ መጣ። ማሳዬ አፍ ላይ አካፋዬን ይዤ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ «ጠጥቻለሁ» የሚል የለም፤ ውሃም የለም። ቀና ብል ውሃው ከቦዩ ማዶ ወዳለው ወደ ሌላኛው ማሳው ይንዶለዶላል። እሱ ደግሞ አጎንብሶ አፈር ያገላብጣል። ቦዩን ሰብሮ ተራዬን ሰረቀኝ! ደሜ ፈላ። እኔ ድሮም ቶሎ የምነድ ሰው ነኝ፤ እናቴ «ክብሪት» ነበር የምትለኝ። ሮጬ ደረስኩና በአካፋው እጀታ ሰነዘርኩበት። በክንዱ መከተ። ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት።

እውነቱን የሰማሁት ፍርድ ቤት ቆሜ ነው። ቦዩን የሰበረው ጎርፉ ራሱ ነበር። ጎረቤቴ አጎንብሶ የነበረው የተሰበረውን ሊደፍን ነው፤ የእኔ ውሃ እንዳይባክን። የእኔ ውሃ! ምስክሩ ይኼን ሲናገር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈረዱብኝ፤ በአመክሮ ተቀንሶልኝ ነው በዓመት ከስምንት ወር የወጣሁት።

እስር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሰው ያስታውቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ የገቡት ፍራሻቸውን ዘርግተው ዳማ ይጫወታሉ፤ አዲሱ በር በሩን እያየ ይቀመጣል። እኔ አንድ ወር ሙሉ በሩን አየሁ። ተሳስተዋል፣ አሁን ይጠሩኛል፣ ነገ ይጠሩኛል እያልኩ። ከዚያ ማየቱን ተውኩ፤ መተዌንም ራሴ አላወቅኩም። ጠዋት ቆጠራ፣ ማታ ቆጠራ። ሲጠሩህ ትነሳለህ፣ ብላ ሲሉህ ትበላለህ፣ አስፈቅደህ ሽንት ቤት ትሄዳለህ። እንዲያውም ይመቻል! እውነቴን ነው። የምትወስነው ነገር ስለሌለ የምትሳሳተው ነገር የለም፤ ተሳስቶ ሰው የሰበረ ደግሞ ይኼ ያስደስተዋል። ያ ክብሪቱ ሰውዬ ድምፁ የማይሰማ ጭምት ሆነ። ጠባይህ ተስተካክሏል ብለው አመክሮውን ሰጡኝ። የታረምኩ ይሁን የፈራሁ ግን እኔም አላውቅም።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው ጉዱ የፈላው። በር ሲዘጋ በሩ ፊት ቆሜ እጠብቃለሁ። «ምን ፈለግህ?» ትለኛለች ሚስቴ። «ልወጣ ነበር።» «ታዲያ ውጣ!» ስትለኝ እወጣለሁ። አመሻሽ ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ምን እየሠራሁ እንደነበር ይጠፋኛል፤ ግድግዳ ተጠግቼ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ምግብ ሲቀርብ ሰሃኑን በክንዴ ከልዬ ሳላላምጥ እውጣለሁ። «ማን ሊቀማህ ነው? እኔ ነኝ ወይስ ድመቷ?» ትለኛለች። ገበያ ወሰደችኝ፤ ገበያውን ስናፍቀው የኖርኩት ሰውዬ ግርግሩ መሀል ስገባ ላብ አጠመቀኝና አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ጀርባዬን ለጥፌ ቀረሁ። እሷ ሽንኩርቷን ገዝታ እስክትመለስ ከዚያ ግድግዳ አልተላቀቅኩም።

ሰባት ዓመት የሆናት ሴት ልጅ አለችኝ። አንድ ቀን ሳላስበው ለእሷ «ሽንት ቤት ልሂድ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ወገቧን ያዘች፣ «ሂድ፤ ግን ቶሎ ተመለስ!» አለችኝ። ውይ፣ ከዚያ በኋላማ ጨዋታ አገኘች! በየማታው ታሰልፈናለች፤ እኔን፣ ሁለቱን ፍየሎችና ዶሮዋን። «ቆጠራ!» ትላለች፤ እኔ «አንድ!» እላለሁ፤ ለፍየሎቹ እሷው ትመልስላቸዋለች። ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው። አንድ ማታ ሚስቴ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ከፍየሎቹ ተርታ ቆሜ አገኘችኝ። ልጅቱ ጨዋታው ሰልችቷት ከገባች ቆይታለች። እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እንደቆምኩ ነኝ። ጀሪካኑን አስቀመጠችና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለችኝ ስትረጋጋ «በዚህ ቤት ላንተ ፈቃድ የሚሰጥ የለም። ብትጠይቅ የሚመልስልህ የለም። እኔ ያሰርኩት ሰው የለኝም።» ቃሏን ጠበቀች፣ ጨካኝ! ልጅቱንም አስማለቻት። በማግስቱ ከቁርስ እስከ ቀትር በሩ ላይ ቆሜ ዋልኩ። እሷ እዚያው እግሬ ሥር ሽንኩርት ትልጣለች፣ ዝም። «ልውጣ?» እላለሁ፣ ዝም። «ኧረ አንቺ ሴትዮ!» ዝም። በመጨረሻ ሽንቴ ወጥሮ ሲይዘኝ በሩን በርግጄ ሮጥኩ። ከኋላዬ ሳቋን ሰማሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደምንም መውጣት ጀመርኩ።

ሚያዝያ ላይ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። በአገሩ ደንብ ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ ጎረቤቴ ፊት አጎነበስኩ፤ «አፉ በለኝ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። «አፉ ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ» አለ። ዓይኔን ግን አላየኝም። ክንዱ ገጥሟል፣ ጣቶቹ ግን በቅጡ አይጨብጡም፤ ሻይ የሚጠጣው በግራው ነው። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ስሰጠው ይመልስልኛል፣ ሌላ ቃል የለም። መስጊድ እኔ ካለሁ መጨረሻው ረድፍ ሄዶ ይቆማል። ጠልቶኛል ብዬ ደመደምኩ። መብቱ ነው አልኩ።

የውሃውን ነገር ያነሱት ያን ቀን ነው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ውሃውን በተራ የሚያከፋፍሉት አባት፣ «አምና አልቆምክም። ዘንድሮ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ ማሳህ አፍ ላይ ካልተገኘህ ተራህ ጅራት ነው፤ ለማንም አናዳላም» አሉኝ። «እሺ አባባ» አልኩ። እኔ ወንድም የለኝ፣ የደረሰ ወንድ ልጅ የለኝ። አምና ሚስቴ አካፋ ይዛ ብትቆም «ሴት አይቆምም» ብለው መልሰዋታል፤ ማሳችን ጦሙን አድሮ ዓመቱን የበላነው ወንድሞቿ ባመጡት ማሽላ ነው። ዘንድሮም ከደገመን አለቀልን፤ ጅራት የወረደ ሰው መሬቱን ትቶ የቀን ሥራ ፍለጋ ሲሄድ አይቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፤ በጎርፍ ሰዓት ተገኝቼ፣ ከላይ «ጠጥቻለሁ» ሲባል፣ መክፈት። ይኼን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይሠራዋል። እኔ ግን የራሴን ቤት በር መክፈት ያቃተኝ ሰው ነኝ።

ስለዚህ ብልጠት አመጣሁ። ደጋው ላይ የመጀመሪያው ደመና ከታየ ጀምሮ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከንጋት ጀምሮ ማሳዬ ላይ ዋልኩ። ጎርፍ ቤት ውስጥ እንዳያገኘኝ! ሰው «ይኼ ሰውዬ ውሃውን ሊጠጣ ነው ወይስ ውሃው ሊጠጣው?» እያለ ያላግጥብኛል። ይበሉ። በአሥረኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደጋው ጠቆረ።

ይኼን ነገር ያላየ አያውቀውም! መጀመሪያ ንፋሱ ይቀዘቅዛል። ከዚያ እርጥብ አፈር ይሸታል፣ እዚህ ሳይዘንብ። ከዚያ አንድ ሰው ከላይ ያፏጫል፣ ሁለተኛው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ይቀበለዋል። «መጣ! መጣ! መጣ!» ከከተማው ሰው አካፋውን ይዞ ይጎርፋል፤ ባጃጁን መንገድ ዳር ጥሎ የመጣ አለ፣ ፀጉሩን ግማሹን ተላጭቶ ግማሹን ይዞ የመጣ አለ! ሴቱ እልል ይላል፣ ውሻው ይጮሃል። ድምፁ ደግሞ! ሆድህ ውስጥ ነው የሚሰማህ። ዘልዬ ተነሳሁ፣ አካፋዬን ጨበጥኩ፣ አለሁ፣ ተገኝቻለሁ፣ አልሃምዱሊላህ! ሚስቴም እየሮጠች መጥታ ከማሳው ዳር ቆመች።

ቀና ብል ጎረቤቴ ማሳው አፍ ላይ ብቻውን ነው። ክንዱ ከተሰበረ ወዲህ የሚከፍትለት ወንድሙ ነበር፤ ወንድሙ ያን ቀን አላማጣ ለቅሶ ሄዷል። በግራ እጁ ይቆፍራል። በጋውን ሙሉ የደረቀ ጭቃ እንደ ሲሚንቶ ነው፤ አካፋው እየነጠረ ይመለሳል። ውሃው ክትሩ ላይ ደረሰ። ቆመ። ከፍ አለ። ከታች ያሉት «ኧረ ክፈት! ክትሩ ሊሄድ ነው!» እያሉ ይጮሃሉ። ክትሩ በዚያ ጉልበት ከተሰበረ ቦዩን ይዞት ነው የሚሄደው፤ ውሃው ሁሉ ገደል ይገባል፣ የእሱም የእኔም የታቹም ሰው ማሳ ደርቆ ይቀራል። ለእሱ ቅርብ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ሠላሳ እርምጃ ብትሆን ነው።

«ልምጣ?» ብዬ ጮህኩ። አየኝ። ዝም አለ፣ መቆፈሩን ቀጠለ።

«ልምጣ ወይ?» ዝም።

እግሬ ተተከለ። አልዋሻችሁም፤ አካፋ የጨበጠ፣ ጺም ያወጣ ሰው፣ ሽንት ቤት እንደሚያስፈቅድ እስረኛ ቆሜ ፈቃድ እጠብቃለሁ! ሐሳቤም ይሟገተኛል። የሰው አፍ አይነካም ይለኛል። ያንኑ ሰው ዳግመኛ አካፋ ይዘህ ብትጠጋው ማን ያምንሃል ይለኛል። ፖሊሱ፣ ዳኛው፣ ቆጠራው፣ ሁሉም ፊቴ ድቅን አሉ። ወደ ሚስቴ ዞርኩ፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች፣ ቃል አላወጣችም። ውሃው የክትሩን ጫፍ መላስ ጀመረ።

ከዚያ ነደድኩ። በሰው አይደለም፣ በራሴ! ያ የድሮው ክብሪት ጠፍቶ የማያውቅ ይመስል ቦግ አለ። «አንተ ፈሪ! አንተ ከንቱ!» እያልኩ ራሴን እየተሳደብኩ ሮጥኩ። ማንም ሂድ አላለኝም! እየሮጥኩ እንኳ ይኼ ታውቆኛል፤ ደስ ብሎኛል፣ ሳቄም መጥቷል። ማንም አላለኝም!

ጎረቤቴ ድምፄን ሰምቶ ዞረ። አካፋ አንስቼ፣ እየተሳደብኩ ስሮጥበት አየኝ። አካፋውን ጣለ። ጭቃው ውስጥ ቁጢጥ አለና ያንን የተሰበረውን ክንዱን ፊቱ ላይ ከለለ፤ ዓይኑን ጨፍኗል። «በልጆቼ» አለ። «በልጆቼ ይዤሃለሁ።»

የፈራው እኔን ነው። ግን ክትሩ እየሄደ ነው፤ አዝኖ መቆሚያ ጊዜ የለም። በፊት በኩል ዞርኩለት፣ ጉልበቴ ላይ ወደቅሁ፣ አካፋውን ከጉልበቴ በላይ ሳላነሳ ዝቅ ብዬ መቆፈር ጀመርኩ። «እኔ ነኝ፣ አብሽር፣ ልከፍትልህ ነው፣ አብሽር» እያልኩ። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ፣ ጭቃው ተሰነጠቀና ውሃው ጉሮሮ እንዳገኘ ሁሉ ጎርፎ ገባ። ከታች ሰው ሁሉ በጩኸት አቀለጠው። እኔና እሱ ከአፉ ወዲህና ወዲያ ጭቃ ለብሰን እያለከለክን ቁጭ አልን።

«ልትገድለኝ የመጣህ መስሎኝ ነው» አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰላምታና ከዚያች «አፉ» ሌላ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ይኼ ነው። ከዚያ ደግሞ አላቆመም፤ እሱም እንደ ጎርፉ ተለቀቀ። «አምና ክረምት አንድ ቀን እንኳ ማሳ አልወጣሁም። ከኋላዬ ሰው ሲራመድ ከሰማሁ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፤ ልጄ ብትሆንም፣ ሚስቴ ብትሆንም። ሶላት ላይ ግንባሬን መሬት ሳደርግ ከኋላዬ ማን አለ እላለሁ፤ ለዚህ ነው መጨረሻ ረድፍ የምቆመው። ጎርፍ ሲመጣ ሰው ይደሰታል፣ እኔ ግን ልደበቅ ያምረኛል። ዛሬም የወጣሁት ወንድሜ ስለሌለ ነው።»

እኔ አራት ወር ሙሉ በር መክፈት አቃተኝ ብዬ ቤት ሙሉ ሰው ሳስጨንቅ ይኼን ሰው አንድ ቀን «እንዴት ነህ?» ብዬ ጠይቄው አላውቅም። የታሰርኩት እኔ ብቻ መስሎኝ! እንባዬ መጣ፤ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። «አፉ በለኝ» አልኩት ደግሜ፤ አሁን ድንጋይ የለም፣ ሽማግሌ የለም። «ያኔም ከልቤ ነው ያልኩህ» አለኝ። «ገላዬ ነው እምቢ ያለኝ።» ይኼንማ ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ? የገዛ እግሬ ዋጃ አድርሶኝ የለ!

ማሳው ጠገበ። አፉን አብረን ደፈንን፣ ክትሩን አብረን ናድን፤ እሱ በግራ እጁ፣ እኔ በሁለቱም። ከዚያ ተነሳና ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሜ እያየሁት፣ በደንቡ መሠረት፣ ባለ በሌለ ድምፁ «ጠጥቻለሁ!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። እኔማ እየሳቅኩ፣ እያለቀስኩ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ ቁልቁል ሮጥኩ፤ ማሳዬ አፍ ላይ ደርሼ ሦስት ጊዜ ቆፈርኩና ከፈትኩት። ውሃዬ ገባ። ቀይ፣ ወፍራም፣ የደጋ አፈር የተሸከመ ውሃ! ሚስቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ማሳው ውስጥ ገብታ ጨፈረች። የውሃው አባት ከሩቅ በዱላቸው ጠቆሙኝ፤ ተገኝተሃል ማለታቸው ነው። ተራዬ ተራዬ ሆኖ ቀረ።

ተፈወስኩ አልላችሁም። አሁንም ጡሩምባ ድንገት ሲጮህ ቀጥ ብዬ የምቆምበት ቀን አለ፤ አሁንም አንዳንዴ ሳላስበው «ልሂድ?» ይወጣኛል፤ ሚስቴም ቃሏን ጠብቃ ዝም ትለኛለች። ግን ማሽላው ወገቤ ድረስ መጥቷል፣ ማሻአላህ። ከጎረቤቴ ጋርም አንድ ደንብ አውጥተናል። ማሳውን አብሬው ልከፍት ወደ እሱ ስሄድ በፊት በኩል ነው የምሄደው፣ ከሩቅ ድምፄን እያሰማሁ። «አሰላሙ አለይኩም! እኔ ነኝ! እየመጣሁ ነው!» ሰው «እነዚህ ሰዎች አብደዋል» ይላል። ይበል። እሱም እስክደርስ ቆፍሮ አያውቅም፤ ቀና ብሎ፣ እኔን እኔን እያየ ይጠብቀኛል።

ባለፈው ሳምንት አምስተኛው ጎርፍ መጣ። አካፋዬን ይዤ ወደ እሱ ሄድኩ፤ እንደ ወትሮው ከሩቅ ተጣራሁ። «ወአለይኩም ሰላም፣ ና» አለኝ። ደረስኩ፣ አጠገቡ ቆምኩ። ትንሽ አየኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝና አጎንብሶ መቆፈር ጀመረ። አካፋዬን ቀስ ብዬ መሬት ላይ አስተኛሁትና ባዶ እጄን ቆምኩ። ሳይዞር ቆፍሮ ጨረሰ።